ግሊተር፣ ግሊመር፣ ፍሊከር፦ የእንግሊዝኛ የብልጭታ ቃላት በምን ይለያያሉ?

ጥያቄዎ ባጭሩ ይህ ነው። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በሚመልሱት ልብ ወለድ ውስጥ ግሊተር፣ ግሊስን፣ ግሊም፣ ግሊመር፣ ግሊንት፣ ስፓርክል፣ ትዊንክል፣ ሺመርና ፍሊከር የሚሉት ግሶች በየገጹ ይመጣሉ፤ መዝገበ ቃላቱ ግን ለሁሉም «አብረቀረቀ»፣ «አንጸባረቀ» ወይም «አብለጨለጨ» ከማለት አያልፍም። ስለዚህ በእርግጥ ልዩነት አላቸው ወይ፣ ካላቸውስ አንዱን ከሌላው የሚለየው ምንድን ነው፣ ደግሞስ ለሁሉም አንድ የአማርኛ ግስ መጠቀም ነውር ይሆናል ወይ ብለው ጠይቀዋል።

ልዩነት አላቸው፤ ልዩነቱ ግን ብዙ ተርጓሚ እንደሚገምተው በድምቀት መጠን ላይ የቆመ አይደለም። ግሶቹን ከደብዛዛው ወደ ደማቁ በመስመር ለመደርደር የሚሞክር ሰው ብዙም ሳይራመድ ይጠላለፋል፤ ምክንያቱም ግሊተር ከሩቅ የሚታይ ደካማ ብርሃንም ሊሆን ይችላል፣ ግሊም ደግሞ አንዳንዴ ደማቅ አንዳንዴ ደብዛዛ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ከነዚህ ቃላት አንዱን ሲመርጥ ሳይታወቀው የሚመልሳቸው ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው። ነገሩ በራሱ ይበራል ወይስ የሌላውን ብርሃን ይመልሳል? ብርሃኑ የሚመጣው ከአንድ ነጥብ ነው፣ ከብዙ ነጥቦች ነው ወይስ ከሰፊ ገጽ? የሚንቀሳቀሰው ምኑ ነው፤ ነበልባሉ ራሱ፣ ብርሃኑ ያረፈበት ገጽ ወይስ በመካከል ያለው አየር? በዚህ ላይ ደራሲው ለነገሩ ያለው ስሜት ይጨመራል፤ በልብ ወለድ ትርጉም ላይ ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረውም ይህ የመጨረሻው ነው።

ግሶቹ እርስ በርስ የሚምታቱት አለምክንያት አይደለም። ከዘረዘሯቸው ዘጠኝ ቃላት አምስቱ የሚጀምሩት በ«ግል» ድምፅ ነው። ግሎው፣ ግሌር፣ ግላንስ፣ ግላስ፣ ግሎስ የሚሉትን ስንጨምር ከብርሃን ወይም ከማየት ጋር የተያያዘ አንድ ትልቅ ቤተሰብ እናገኛለን። እንግሊዛዊው የቋንቋ ሊቅ ጆን ሩፐርት ፈርዝ እንዲህ ላለው ከአንድ የትርጉም መስክ ጋር ለተቆራኘ የድምፅ ጥምረት በ1930 ፎነስቲም የሚል ስም አወጣለት። በ2004 ደግሞ ቤንጃሚን በርገን የተባለው ተመራማሪ ጉዳዩን በሙከራ ፈተነው፤ ግሊተር የሚለውን ቃል አይቶ ወዲያው ግሎው የሚለውን የሚያይ አንባቢ ሁለተኛውን ቃል የሚለይበት ፍጥነት፣ ቃላቱ በድምፅ ብቻ ወይም በትርጉም ብቻ ቢመሳሰሉ ከሚኖረው ፍጥነት ይበልጣል። ስለዚህ «ግል» ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ አእምሮ እንደ አንድ ክፍል የሚሠራ ነገር ነው ማለት ይቻላል።

የዚህ ቤተሰብ ትልቁ ክፍል ከአንድ እጅግ ጥንታዊ ሥር የተቀዳ ሲሆን፣ የሥሩ ትርጉም ማብራት ነበር፤ ወርቅና ቢጫ የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላትም ከዚያው ሥር ይመደባሉ። ዛሬ ደስተኛ ማለት የሆነው ግላድ እንኳ በጥንታዊ እንግሊዝኛ ብሩህ ማለትም ነበር። ነገር ግን በ«ግል» የሚጀምር ሁሉ ብርሃን አይደለም። ጓንትና ሙጫ የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት በዚሁ ድምፅ ይጀምራሉ፤ ጭጋጋማ ጨለማን የሚገልጸው ግሉምም እንዲሁ። ስለዚህ የማያውቁት ቃል ሲያጋጥምዎ ድምፁ ፍንጭ ይሰጥዎታል እንጂ ዳኛ አይሆንም።

ከቃሉ መጀመሪያ ይልቅ ለተርጓሚ የሚጠቅመው መጨረሻው ነው። ስፓርክ የእሳት ፍንጣሪ ነው፤ ስፓርክል ሲሆን ፍንጣሪው ደጋግሞ ይታያል። ትዊንክል መጥቀስን፣ ዓይንን ጨፈን ገለጥ ማድረግን ከሚያመለክት ጥንታዊ ግስ የወጣ የድግግሞሽ መልክ ነው። ሺመር፣ ግሊመር፣ ግሊተርና ፍሊከርም መጨረሻቸው ላይ ያለው ድምፅ ይህንኑ የመደጋገም ስሜት ይሰጣቸዋል። እዚህ ላይ አማርኛ ከእንግሊዝኛ አያንስም፤ እንዲያውም ይበልጣል ባይ ነኝ። «ብልጭ አለ» ስንል አንድ ጊዜ ነው፤ «ብልጭ ብልጭ አለ» ስንል ተደጋገመ፤ «ተብለጨለጨ» ስንል ድግግሞሹ በግሱ ሥር ውስጥ ገባ፤ «ብልጭ ድርግም አለ» ስንል ደግሞ በመካከሉ ጨለማ እንዳለ ተናገርን። እንግሊዝኛ በቅጥያ የሚያደርገውን አማርኛ ሥርን በመድገምና «አለ» በሚለው ረዳት ግስ ያደርገዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ፣ የእንግሊዝኛውን ግስ ሲያገኙ አቻ ቃል ከመፈለግዎ በፊት ብርሃኑ አንዴ ነው ወይስ ተደጋጋሚ፣ ሲደጋገምስ በመካከል ይጠፋል ወይስ አይጠፋም ብለው ይጠይቁ የሚል ነው።

ከግሊተር እንጀምር። ግሊተር የብዙ ጥቃቅን ነጥቦች ብልጭታ ሲሆን፣ ነጥቦቹ በአብዛኛው በራሳቸው የማይበሩ፣ ብርሃን የሚመልሱ ናቸው፤ አመዳይ፣ የተሰበረ ብርጭቆ፣ ጌጥ፣ በፀሐይ ላይ የተነሣ ባሕር። ነገሩ በውኃ ላይ እንዴት እንደሚፈጠር ማወቅ ቃሉን በትክክል ለመያዝ ይረዳል። ፀሐይ ዝቅ ባለችበት ሰዓት ሞገድ ያለበትን ውኃ ሲመለከቱ የሚያዩት የፀሐይቱን አንድ ምስል ሳይሆን በሺህ የሚቆጠሩ ስብርባሪዎቿን ነው። እያንዳንዱ የሞገድ ገጽታ ትክክለኛውን ማዘንበል ባገኘባት ቅጽበት ብቻ ፀሐይን ወደ ዓይንዎ ይመልሳል፤ በሚቀጥለው ቅጽበት ያጣዋል፤ ጎረቤቱ ደግሞ ያገኘዋል። ቻርልስ ኮክስና ዋልተር መንክ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ የባሕር ላይ ብልጭታ ከአውሮፕላን ፎቶግራፍ በማንሣት የሞገዶችን ማዘንበል ለክተው፣ ማዘንበሉ ከነፋስ ፍጥነት ጋር ያለውን ግንኙነት በ1954 አሳትመዋል፤ በሳይንሱም ክስተቱ የሚጠራው በዚሁ በግሊተር ስም ነው። በአማርኛ «ተብለጨለጨ» የሚለው ከማንም በላይ ይቀርበዋል። የሚገርመው ደግሞ ስሜቱም መስማማቱ ነው፤ «ብልጭልጭ» ስንል ላይ ላዩን የሚያምር፣ ውስጡ ግን የሚያጠራጥር ነገር እንደምናስብ ሁሉ፣ ግሊተርም ብርድ፣ ጥንካሬ፣ አንዳንዴም ከንቱ ድምቀት አለበት።

ስፓርክል ለግሊተር በጣም ቅርብ ነው፤ ብዙ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በረዶንና ጌጥን ሲገልጹ አንዱን በሌላው ይተካሉ። ልዩነቱ ያለው በሕይወት ላይ ነው። ስፓርክል ፍንጣሪ የሚል ትርጉሙን አልረሳም፤ ስለዚህ ሞቅ ያለ፣ የሚዘልል፣ ደስ የሚያሰኝ ብልጭታ ነው። ጋዝ ያለው ውኃ በእንግሊዝኛ ስፓርክሊንግ ይባላል፤ ግሊተሪንግ የሚለው ግን የለም፤ ምክንያቱም የአረፋው ዝላይ ራሱ የቃሉ ትርጉም ክፍል ሆኗል። የሰው ጨዋታም እንዲሁ ስፓርክሊንግ ሲባል ሕያውና አዝናኝ ማለት ሲሆን፣ ግሊተሪንግ የሚባለው ይበልጡን ከሩቅ የሚደነቅ ነገር፣ ለምሳሌ የአንድ ሰው የሥራ ዘመን ወይም የታላላቆች ግብዣ ነው። በአልማዝ ሙያ ደግሞ ጉዳዩ በጣም ተለይቷል። አልማዝ የብርሃን ስብረት መጠኑ 2.42 በመሆኑ ወደ ውስጡ የገባውን ብርሃን በቀላሉ አይለቅም፤ ማርሴል ቶልኮቭስኪ በ1919 ድንጋዩ በምን ማዕዘን ቢቆረጥ ብርሃኑ ተመልሶ በላይኛው ገጹ እንደሚወጣ በስሌት አሳየ። ባለሙያዎች ነጭ ድምቀቱን፣ ቀለማት የሚበታተኑበትን «እሳት»ና ድንጋዩ ወይም ተመልካቹ ሲንቀሳቀስ የሚፈነጥቀውን ብልጭታ ለየብቻ ይመዝናሉ። ስፓርክል የሚሉት ሦስተኛውን ነው፤ አልማዙ ባለበት ቢቆም፣ እርስዎም ባይንቀሳቀሱ፣ የለም።

ለዚህ ሦስተኛው ባሕርይ ሙያው የሚጠቀምበት መደበኛ ስም ሲንቲሌሽን ሲሆን፣ የላቲን ምንጩ ትርጉም ፍንጣሪ ነው። ከዚያው ላቲን በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ ቲንስል የሚለው የብልጭልጭ ጌጥ ስም ወጣ፤ ፊደል ለመቅረጽ የሚያገለግለው ስቴንስልም በዚያው መንገድ መጣ። ለትርጉም ሥራዎ አይጠቅምዎትም፤ ነገር ግን ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ የተቦረቦረ ወረቀት የፍንጣሪ ዘመድ መሆኑን ሳልነግርዎ ማለፍ አልቻልኩም።

አሁን በትርጉም ላይ ከሁሉም በላይ ስሕተት ወደሚሠራበት ወደ ግሊስን እንምጣ። በቅድሚያ አነባበቡን፦ በፊደሉ ላይ ያለው «ት» አይሰማም። ግሊስን የእርጥበት ብርሃን ነው። የሚያበራው ነገር ርሷል፣ ላቧል፣ ቅባት ነክቶታል ወይም የረጠበ ይመስላል። ዝናብ የመታው አስፋልት፣ ጤዛ ያረፈበት ቅጠል፣ ላብ ያጠመቀው ግንባር፣ እንባ ያቀረረ ዓይን፣ ዘይት የተቀባ ጡንቻ፤ እነዚህ ሁሉ ግሊስን ያደርጋሉ። እርጥበት የአንድን ገጽ ጥቃቅን ሸካራነት ሸፍኖ ለስላሳ ስለሚያደርገው፣ ቀድሞ በየአቅጣጫው ይበታተን የነበረው ብርሃን አሁን ተሰብስቦ ይመለሳል፤ ቃሉ የያዘው ይህን ለውጥ ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛው «ግንባሩ ግሊስን አደረገ» ብሎ ላብ የሚለውን ቃል ሳይጠቅስ የተወው ደራሲ፣ አንባቢው ላቡን እንደሚያየው ያውቃል። በአማርኛ «ግንባሩ አንጸባረቀ» ብለው ከተረጎሙት ላቡ ጠፋ፤ ሰውየው ምናልባት በደስታ ፊቱ የበራ መሰለ። «ግንባሩ ላብ አውጥቶ ወዛ» ቢሉ ግን ምስሉ ይመለሳል። ወዝ የሚለው ቃላችን እርጥበትንና ብርሃንን በአንድነት ስለሚይዝ ለሰውነትና ለቅባት ጉዳይ ከግሊስን ጋር በሚገርም ሁኔታ ይገጥማል፤ ለመንገድና ለድንጋይ ግን አይሆንም፤ እዚያ «በዝናቡ ረጥቦ ያብረቀርቃል» ብሎ እርጥበቱን በግልጽ ቃል ማስገባት ይሻላል። ግሊስተር የሚል የቆየ ቃልም አለ፤ በዛሬው እንግሊዝኛ በግጥምና በምሳሌያዊ አነጋገር ካልሆነ አይገኝም፤ ትርጉሙም ከግሊስን ይልቅ ለግሊተር ይቀርባል።

ግሊምና ግሊንት ብዙ አያደክሙንም። ግሊም የተወለወለ ወይም የጸዳ ገጽ የሚሰጠው ረጋ ያለ፣ የማይቆራረጥ ብርሃን ነው፤ የተወለወለ ጫማ፣ የታጠበ መኪና፣ ነጭ ጥርስ። «ያብረቀርቃል» ወይም «ያንጸባርቃል» ለዚህ ይበቃል፤ መዝገበ ቃላቱ ለዘጠኙም የሰጠዎት ቃል በእርግጥ የሚስማማው ለዚህ ለአንዱ ነው ማለት ይቻላል። ግሊንት ደግሞ የአፍታ ነው፤ ቀድሞ ፈጥኖ መንቀሳቀስን ያመለክት የነበረ ቃል ነው፤ ጠንካራ ነገር፣ በተለይ ብረት ወይም መስተዋት፣ ማዕዘኑ ሲዞር አንዴ የሚያሳየው ስለታም ብልጭታ ነው። «ብልጭ አለ» ይበቃዋል፤ «ተብለጨለጨ» ግን ያበላሸዋል። በመርማሪ ታሪኮች ውስጥ በጨለማ ቢላዋ ሲመዘዝ ግሊንት የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ አንባቢው የሚያየው ቢላዋውን ሳይሆን አንዲት ብልጭታውን ነው።

ግሊመርና ፍሊከር አብረው መነጻጸር አለባቸው፤ ሁለቱም ደካማ ብርሃን ስለሆኑ ተርጓሚ በቀላሉ ያምታታቸዋል። ግሊመር የሩቅ ወይም የደከመ፣ ጎልቶ የማይወጣ ብርሃን ነው፤ ጭል ጭል የሚል። አማርኛችን እዚህ ላይ አቻ ብቻ ሳይሆን ተመሳሳይ ዘይቤም አለው፤ እንግሊዝኛው «የተስፋ ግሊመር» ሲል እኛ «የተስፋ ጭላንጭል» እንላለን፤ አንዱም ከሌላው የተበደረ አይመስልም። ግሊምስ የሚለው፣ በጨረፍታ ማየት ማለት የሆነው ቃል የዚሁ የግሊመር የቅርብ ዘመድ ነው። ፍሊከር ግን ስለ መጠን ሳይሆን ስለ አለመረጋጋት ይናገራል። በጥንታዊ እንግሊዝኛ ይህ ቃል ስለ ብርሃን ሳይሆን ስለ ወፍ ክንፍ ነበር፤ መርገብገብ ማለት ነበር። ወደ ነበልባል የተሻገረው ኋላ ነው። ስለዚህ ነፋስ ላገኘው የሻማ ነበልባል «ተርገበገበ» የሚለው ግስ ትርጉሙንም ታሪኩንም ይመልሳል። ልብ ይበሉ፤ «ተንቀለቀለ» ወይም «ተንቦገቦገ» ቢሉ እሳቱን አበረቱት፤ ፍሊከር ግን ሊጠፋ የሚችል ነበልባል ነው። የተስፋ ግሊመርና የተስፋ ፍሊከር ልዩነትም ከዚህ ይነሣል፤ የመጀመሪያው ትንሽና ሩቅ ቢሆንም አለ፣ ሁለተኛው አሁን ታይቶ አሁን ሊጠፋ ይችላል። በሰው ፊት ላይ የሚያልፍ የፍርሃት ወይም የጥርጣሬ ፍሊከርም እንዲሁ ነው፤ «የፍርሃት ጥላ በፊቱ ላይ ውልብ አለ» ቢሉ ብርሃኑን ትተው ፍጥነቱን አተረፉ፤ እኔ በዚህ ቦታ ብርሃኑን መተው የተሻለ ምርጫ ነው እላለሁ።

ፍሊከር በኤሌክትሪክ ዘመን ሁለተኛ ሕይወት አግኝቷል። የተበላሸ አምፖል ብልጭ ድርግም ሲል ቃሉ ፍሊከር ነው፤ እዚህ ላይ «ተርገበገበ» አይሄድም፤ «ብልጭ ድርግም አለ» ወይም «ቦግ እልም አለ» ነው የሚባለው። በመሐንዲሶች ዘንድ ደግሞ ዓይን የማያየውም ይጨመራል፤ በ50 ኸርዝ ተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚሠሩ ብዙ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ ይደበዝዛሉ፤ ዓይናችን ይህን ፍጥነት ለይቶ ስለማያየው መብራቱ ያልተቋረጠ ይመስላል፤ ባለሙያው ግን ይህንንም ፍሊከር ይለዋል። የሚተረጉሙት ጽሑፍ ልብ ወለድ ሳይሆን የመብራት መመሪያ ቢሆን ኖሮ ቃሉን በፊደላችን እንዳለ እንዲተዉት እመክርዎ ነበር።

ትዊንክል የከዋክብት ግስ ነው። ኮከብ ትዊንክል የሚያደርገው በራሱ እየበራና እየጠፋ ስለሆነ አይደለም፤ ብርሃኑ በምድር ከባቢ አየር ውስጥ ሲያልፍ፣ የሙቀት መጠናቸው የተለያየ የአየር ሽፋኖች ስለሚነቃነቁ ጨረሩን በየቅጽበቱ ትንሽ ትንሽ ያጣምሙታል። ኮከብ ከርቀቱ የተነሣ እንደ አንድ ነጥብ ስለሚታይ ይህ መጣመም ይጎላበታል፤ ፈለክ ግን ትንሽ ቢመስልም ስፋት ስላለው የነጥቦቹ መዋዠቅ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ ስለዚህ ፈለኮች ረጋ ብለው ይበራሉ። ወደ አድማስ የቀረበ ኮከብ ይበልጥ የሚንቀጠቀጠው፣ ቀለምም የሚለዋውጥ የሚመስለው ብርሃኑ የሚያልፍበት አየር ወፍራም ስለሆነ ነው። ስለዚህ የትዊንክል ባሕርይ አንድ ነጥብ፣ የራስ ብርሃን፣ ፈጣን መዋዠቅ፣ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ አለመጥፋት ነው። ከሩቅ ኮረብታ የምትታይ ከተማ መብራቶችም ትዊንክል ያደርጋሉ። ከጥንታዊ ትርጉሙ አንጻር «ይጠቃቀሳሉ» ማለት ያምራል፤ ለሕፃናት ጽሑፍ እኔ ይህን እመርጣለሁ። ለአዋቂ ልብ ወለድ «ብልጭ ብልጭ ይላሉ» ይበቃል፤ «ብልጭ ድርግም» ግን አይሆንም፤ ድርግም ካለ ጠፍቷል፣ ያ ደግሞ ብሊንክ ወይም ፍላሽ ነው።

ፍላሽ በድንገት መጥቶ የሚሄድ ጠንካራ ብርሃን መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን እንግሊዝኛ የመብራትን ምት ምን ያህል በጥብቅ ሊለይ እንደሚችል ለማየት ከፈለጉ የባሕር ካርታ ይመልከቱ። መርከቦችን የሚመሩ የመብራት ማማዎች እያንዳንዳቸው በምታቸው ይታወቃሉ፤ ብርሃኑ ከጨለማው የሚያጥርበት መብራት ፍላሺንግ ይባላል፣ ብርሃኑ ከጨለማው የሚረዝምበት ኦከልቲንግ ይባላል፣ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ አይሶፌዝ ይባላል። ፍላሺንግ ራሱ በደቂቃ ከ50 በታች ብልጭታ ያለው ሲሆን፣ ከ50 እስከ 80 ከደረሰ ስሙ ተለውጦ ክዊክ ይሆናል። መርከበኛው ምቱን ቆጥሮ ከካርታው ጋር በማመሳከር የትኛው ማማ ፊት እንዳለ ይለያል። በሚተረጉሙት ታሪክ ውስጥ የባሕር ጉዞ ካለ፣ የማማ መብራት ፍላሽ አደረገ ሲባል ትዊንክል እንዳደረገ አድርገው አይተርጉሙት፤ በመካከሉ ጨለማ አለ፣ ጨለማውም ተቆጥሯል።

ሺመር የሚቀረን ነው፤ ለኔ ከሁሉም አስቸጋሪው እሱ ነው። ሺመር ነጥብ የለውም። ብርሃኑ በአንድ ገጽ ላይ ተሰራጭቶ በዝግታ ይንቀሳቀሳል፣ ዳር ዳሩ ይሟሟል፤ ሐር ሲወዛወዝ፣ ጨረቃ በረጋ ውኃ ላይ ስታርፍ፣ በሞቀ መንገድ ላይ አየሩ ሲርገበገብ። ባሕሩን በቀትር ፀሐይ ስፓርክል ያስደረገ ደራሲ ሌሊት በጨረቃ ሺመር ያስደርገዋል። በአማርኛ አንድ ቃል አላገኘሁለትም፤ እንደ ሁኔታው መክፈል ይኖርብዎታል። ለሙቀቱ «አየሩ ይርገበገባል» ትክክል ነው። ለጨረቃና ለውኃው «የጨረቃዋ ብርሃን በውኃው ላይ ይርመሰመሳል» የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን መርመስመስ ብዙ ነፍሳትን ስለሚያስታውሰኝ «ይዋልላል» የሚለውን እመርጣለሁ። ለሐሩ «ባንቀሳቀሰችው ቁጥር ለስላሳ ብርሃን ይፈስበታል» ብሎ ማብራራት ከሁሉም ይሻላል።

እነዚህ ሁሉ ልዩነቶች ተሰብስበው በአንድ ቦታ የሚታዩት በሰው ዓይን ላይ ነው፤ ልብ ወለድ በሚተረጉም ሰው ላይ መዘዝ የሚያመጣውም ይኸው ነው። የሰውየው ዓይኖች ትዊንክል ካደረጉ ቀልድ ይዟል፣ ልቡ ደግ ነው፤ ብዙ ጊዜ ዕድሜው የገፋ ሰው ነው። ስፓርክል ካደረጉ ደስ ብሎታል ወይም ሐሳብ መጥቶለታል። ግሊስን ካደረጉ ሊያለቅስ ነው። ግሊተር ካደረጉ ይጠንቀቁት፤ ስስት፣ ጥላቻ ወይም ትኩሳት አለበት። ግሊንት አንዲት የተንኮል ወይም የጭካኔ ቅጽበት ናት። ፍላሽ ካደረጉ ተቆጥቷል። ግሊም ካደረጉ አንድ ምኞት ይዞታል፤ ጥሩም ሊሆን ይችላል፣ ከልክ ያለፈም። እንግዲህ እነዚህን ሰባቱን «ዓይኖቹ አበሩ» ብለው ቢተረጉሙ በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ደጉ አያት፣ ስስታሙ ነጋዴና አልቃሿ ልጅ አንድ ዓይን ይኖራቸዋል። እዚህ ላይ ብርሃኑን ለመጠበቅ መታገል አያስፈልግም። ለግሊስን «ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ»፣ ለፍላሽ «ዓይኑ በቁጣ ቦግ አለ»፣ ለትዊንክል «ዓይኖቹ ይስቃሉ»፣ ለግሊተር «ዓይኖቹ በስስት ይቁለጨለጫሉ» ቢሉ ትርጉሙ ይጸናል። በዚህ በመጨረሻው ላይ ምክንያቱን ከታሪኩ አውጥተው መጨመር ግድ ነው፤ ያለበለዚያ መቁለጭለጭ በአማርኛ አሳዛኝ ልመናንም ስለሚያመለክት አንባቢው በስስታሙ ፈንታ ምስኪን ያያል።

ስለ ሰዋስውም አንድ ነገር ልበል። ቤት ሌቪን በ1993 ባወጣችው የእንግሊዝኛ ግሶች ምደባ እነዚህ ቃላት «ብርሃን የሚያመነጩ ግሶች» በሚል አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። በአረፍተ ነገር አገነባባቸው ስለሚመሳሰሉ ምደባው ትክክል ነው፤ ስሙ ግን ለተርጓሚ አሳሳች ነው፤ ግሊስን፣ ግሊንትና ግሊተር አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያመነጩም፣ የተቀበሉትን ይመልሳሉ። የክፍሉ መለያ ጠባይ ሁለት አገነባብ መቻሉ ነው፤ «አልማዞች በቀሚሷ ላይ አብለጨለጩ» እና «ቀሚሷ በአልማዝ አብለጨለጨ»። አማርኛም ሁለቱንም ይቀበላል፤ ትርጉማቸው ግን አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ጥቂት አልማዞች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሁለተኛው ቀሚሱ ዳር እስከ ዳር እንደተሸፈነ ያሳስባል። ስለዚህ ለዜማ ሲሉ አንዱን በሌላው አይለውጡት።

ከላቲን የመጡት ሲንቲሌት፣ ኮረስኬትና ላምበንት ሲያጋጥሙዎ የሚያሳስብዎ የብርሃኑ ዓይነት ሳይሆን የቋንቋው ደረጃ ይሁን፤ እነዚህ የጽሑፍ፣ አንዳንዴም የመመጻደቅ ቃላት ናቸው። ላምበንት ብቻ የራሱ ምስል አለው፤ ሥሩ መላስ ማለት ነው፣ ነበልባል አንድን ነገር ሳያቃጥል በቀስታ ሲልሰው የሚታየውን ልዝብ ብርሃን ይገልጻል፤ እሳት ይልሳል ማለት ለአማርኛም እንግዳ አይደለም።

ለሁሉም አንድ ግስ መጠቀም ነውር ነው ወይ ላሉት፣ መልሴ ደራሲው ራሱ ምን እንዳደረገ ይዩ የሚል ነው። ለምሳሌ እንዲህ ያለ አረፍተ ነገር ቢያገኙ፦ «ከግቢው ማዶ ፋኖስ ግሊመር ያደርጋል፤ ድንጋዮቹ በዝናቡ ግሊስን ያደርጋሉ፤ በጥላው ውስጥ አንድ ነገር ግሊንት አደረገ።» ደራሲው ሦስት ግስ የመረጠው ለጌጥ አይደለም፤ ዓይናችንን ከሩቁ ወደ ቅርቡ፣ ከረጋው ወደ አደገኛው እየወሰደ ነው። «ከግቢው ማዶ ፋኖስ ጭል ጭል ይላል፤ ዝናብ የመታቸው ድንጋዮች ያብረቀርቃሉ፤ በጥላው ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ አለ» ቢሉ መንገዱ ይጠበቃል፤ የመጨረሻው ግስ ብቻ በኃላፊ ጊዜ መሆኑንም እንዳይለውጡት። በሌላ በኩል ደራሲው አንዱን ግስ፣ ለምሳሌ ግሊተርን፣ በአንድ ገጸ ባሕርይ ላይ ሆን ብሎ የሚደጋግም ከሆነ፣ ከጌጡ አንሥቶ እስከ ዓይኑ፣ እርስዎም «ተብለጨለጨ»ን ሳይሰለቹ ይድገሙት። አማርኛ አርታዒዎች መደጋገምን ሲያዩ ወዲያው የመለወጥ ልማድ ስላላቸው፣ ረቂቁን ሲያስረክቡ በኅዳጉ ላይ ማስታወሻ ይጻፉላቸው።